ኩላንትና ውሃ ስንቀላቅል የምንሠራቸው ስህተቶች

ኩላንት ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚቀላቀል፣ ውሃው በረዶ እንዳይሆንም የሚከላከል ፈሳሽ ነው። አዳማ ላይ ስለ እሱ ሲነሳ መልሱ ይታወቃል፦ «እዚህ በረዶ የለ፣ ውሃ ይበቃኛል።» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኩላንት ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል፤ ሞተሩንና የውሃ ፓምፑንም ከዝገት ይጠብቃል። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን እንኳ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። ልዩነቱን የሚያሰፉት የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊትና ኩላንቱ ናቸው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ የለም። ያኔ ውሃ ብቻ የሞላ መኪና ከመተሐራ ሽቅብ ሲመለስ ቢፈላ ምኑ ይገርማል?

ሌላው ደግሞ «ጥሩ ከሆነማ ሳይበረዝ ልሙላው» ይላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ከሞተሩ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚያወጣው በዋናነት ውሃው ነው፤ ያልተበረዘ ኩላንት በዚህ በኩል ደካማ ነው። በቅዝቃዜም ቢሆን ድብልቁ ይበልጠዋል፦ ያልተበረዘው ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲረጋ፣ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው እስከ 37 ይዘልቃል። እኛ ዘንድ ግማሽ በግማሹ በቂ ነው።

ከመቀላቀልዎ በፊት የጀሪካኑን ጽሑፍ ያንብቡ። አንዳንዱ ተበርዞ ነው የሚሸጠው። በዚያ ላይ ውሃ መጨመር ገንዘብ መድፋት ነው።

ብዙ ጋራዥ የሚስተው ግን ስሌቱን ነው። ራዲያተሩ በውሃ ታጥቦ ሲፈስ ሁሉም አይወጣም፤ ሞተሩ ውስጥ የሚቀር አለ። መኪናዎ 6 ሊትር ይይዛል እንበል። 4 ሊትር ወጣ፤ 2 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ቀረ። አሁን ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለውን 4 ሊትር ቢሞሉበት፣ በጠቅላላው ኩላንቱ ከሦስት እጅ አንዱ ብቻ ይሆናል። ትክክለኛው 3 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት አስቀድሞ ማስገባት፣ ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ መሙላት ነው። ስለዚህ የሚፈሰውን መሬት ላይ አይልቀቁት፤ በባልዲ ተቀብለው ይለኩት። የመኪናው ጠቅላላ መጠን መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ።

ውሃውስ? የቧንቧም የጉድጓድም ውሃ ማዕድን አለው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎችም ይይዛቸዋል። በእንፋሎት የተጣራ ውሃ፣ ማለትም ዲስቲልድ ይጠቀሙ። ሱቅ ሄደው በተለመደው ስሙ «የባትሪ ውሃ» ሲሉ ግን አሲዱን እንዳይሰጡዎ፣ አይተው ይግዙ።

ጎደለ ሲባል በየጊዜው ውሃ ብቻ መጨመርም ልማድ ሆኗል። ከላይ ባለው መኪና 1 ሊትር እየፈሰሰ ሦስት ጊዜ በውሃ ቢተካ፣ 50 በመቶ የነበረው ኩላንት ከ30 በታች ይወርዳል። መጨመሪያ የሚሆን ድብልቅ መኪናው ውስጥ ይያዙ። ደግሞ ዝግ ሲስተም ዝም ብሎ አይጎድልም፤ የሚያፈስበትን ቦታ ያስፈትሹ።

በቀለም መተማመን ይቅር። አረንጓዴም ሮዝም የአምራቹ ምርጫ ነው፤ ዓይነቱን አይነግርዎትም። ሁለት የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ የዝገት መከላከያው ቶሎ ይሞታል፤ አንዳንዴም ፈሳሹ ይጓጉላል።

ሞተሩ ሲግል ክዳን መክፈት እጅና ፊት ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል። አጥፍተው ይጠብቁ፣ ረዳቱ ቢቸኩልም።

የተረፈውን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው ቤት አያስቀምጡ። ኩላንት ይጣፍጣል፤ መርዝ ነው። ልጅ ለስላሳ መስሎት ይጠጣዋል፣ ውሻም ይልሰዋል። በራሱ ጀሪካን፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። መሬት ላይ የፈሰሰ ካለ በብዙ ውሃ ይታጠብ።