ፕሮባብሊቲን በቆርኪ እንዴት ማስጀመር ይቻላል?

ልጆችን ፕሮባብሊቲ፣ ማለትም አንድ ነገር የመሆን ዕድሉን በቁጥር መለካት፣ ስታስጀምሩ ቀመሩን ቶሎ ሰሌዳ ላይ አትጻፉ። መጀመሪያ በእጃቸው ይንኩት።

በወሬ ጀምሩ። ደሴ ከሆናችሁ «ነገ ፀሐይ በጦሳ በኩል ትወጣለች?» ብላችሁ ጠይቁ። የጦሳ ተራራ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ልጆቹ ይስቃሉ። ፈጽሞ አይሆንም፤ ይህ 0 ነው። «ከሰኞ ቀጥሎ ማክሰኞ ይመጣል?» ይህ ደግሞ የግድ ስለሚሆን 1። ሌላው ሁሉ በመካከላቸው ነው።

ከዚያ ለየቡድኑ 10 ተመሳሳይ ቆርኪ አዘጋጁ። የ3ቱን ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ አቅልሙና ሁሉንም ጥቁር ፌስታል ውስጥ ክተቱ። ባቄላና ሽንብራ ቀላቅለው የሚያሠሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ጣት ለይቶ ያውቀዋላ! ሁሉም እኩል የመውጣት ዕድል ሊኖረው ይገባል።

ልጁ ሳያይ አንድ ያወጣል፣ ይመዘግባል፣ ይመልሳል፣ ፌስታሉን ይነቀንቃል። መመለሱን አደራ! ካልመለሰ የሚቀጥለው ዕድል ይቀየራል። 20 ጊዜ ይደጋግሙት። ከመጀመራቸው በፊት ግን ስንት ቀይ እንደሚጠብቁ ይጻፉ። ከ10ሩ 3ቱ ቀይ ስለሆኑ ለ20 ሙከራ ስሌቱ 6 ይላል። አንዱ ቡድን 3፣ ሌላው 9 ቢያገኝ አትደንግጡ። የ8 ቡድኖችን ውጤት ደምሩ። ከ160 ሙከራ ቀዩ ወደ 48 ጠጋ ሲል ልጆቹ ራሳቸው ያያሉ። ቀመሩ የሚጻፈው አሁን ነው፦ የምንፈልገው ብዛት ሲካፈል ለጠቅላላው፣ 3/10።

ቀጥሎ የ1 ብር ሳንቲም ወርውሩ፤ አንበሳ ወይስ ሚዛን? በወላጆቻችን ጊዜ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ይባል ነበር። አንበሳ 4 ጊዜ ከተከታተለ አንዱ ልጅ «አሁን የሚዛን ተራ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሳንቲም ያለፈውን አያስታውስም፤ አሁንም 1/2 ነው። ምንም ነገር ግን አታስይዙ። ቁማር የመሰለው ወላጅ ቅር ቢለው እውነት አለው።

ከሁሉም የምፈራው ስህተት ይህ ነው፦ «ወይ ይዘንባል ወይ አይዘንብም፣ ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ነው።» ሁለት አማራጭ አለ ማለት እኩል ናቸው ማለት አይደለም። የወሎ ገበሬ በልግን ሲጠብቅ ይህን በደንብ ያውቃል። ስለዚህ የቤት ሥራ ስጡ። ልጆቹ አያቶቻቸውን «ካለፉት 10 ዓመታት በልጉ በስንቱ ያዘ?» ብለው ይጠይቁ። አንዱ 4/10፣ ሌላው 6/10 ይዞ ይመጣል። ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ጽፋችሁ ለምን እንደተለያዩ አከራክሯቸው።