የቲማቲምን የጎን ቀንበጥ ከመቀንጠስ በፊት የዘረመሉን ጠባይ ከግንዱ ማወቅ

በቲማቲም ቅጠልና ግንድ መጋጠሚያ ላይ የሚወጣውን ቀንበጥ ለመቀንጠስ ከመቸኮል በፊት፣ በሁለት ተከታታይ የአበባ ዘለላዎች መካከል ስንት ቅጠል እንዳለ መቁጠር ይገባል። ቁጥሩ እስከ ላይ ድረስ ሦስት ሦስት እየሆነ ከዘለቀ ተክሉ እድገቱን የማያቆም ዓይነት ነው፤ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ አንድ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ዘለላዎቹ ያለ ቅጠል ከተከታተሉ ግን ቁመቱን ራሱ የሚገታ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው «ሰልፍ ፕሩኒንግ» የተባለው ጂን ነው። «ራሱን የሚገርዝ» የሚለው ይህ ስም የወጣው ጂኑ ሲበላሽ ተክሉ ከሚያሳየው ጠባይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1914 በፍሎሪዳ የተገኘው ይኸው ብልሽት ዛሬ በማሽን ለሚሰበሰቡ ዝርያዎች መሠረት ሆኗል። እንዲህ ያለው ተክል አብዛኛውን ፍሬ የሚይዘው በጎን ቅርንጫፎቹ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ዘለላ በታች ካሉት በቀር ቀንበጦቹን አለመንካት ይሻላል።

እድገቱን በማያቆመው ዓይነት ላይ ደግሞ ትልቁ ጥንቃቄ ዘለላው አጠገብ ነው። አንድ ወጥ የሚመስለው ግንድ በእርግጥ ወጥ አይደለም፤ የመጀመሪያው ጫፍ አበባ ሆኖ ያበቃና ከሥሩ ያለው የመጨረሻው ቅጠል እምቡጥ (ገና ያልተዘረጋ ቀንበጥ) ቦታውን ተረክቦ፣ ሦስት ቅጠል አውጥቶ እርሱም በአበባ ይደመደማል። ስለዚህ ዘለላው አጠገብ ሁለት እኩል የሚመስሉ ቀንበጦች ሲታዩ፣ ግንዱን የሚቀጥለው የትኛው እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ጥቂት ቀን መታገሥ ያስፈልጋል። የቀሩትን ከ5 ሴንቲ ሜትር ሳያልፉ፣ ቅጠሉ በደረቀበት ሰዓት፣ በጣት ወደ ጎን ሰበር አድርጎ ማንሣት ይበቃል።

ቀንበጥ ጭራሽ የማያወጣ ቲማቲም ለምን አይዘራም የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማንነቱ የተለየው «ላተራል ሰፕረሰር» የተባለው ጂን ሲበላሽ፣ ተክሉ አበባ ከመያዙ በፊት ባሉት ቅጠሎች ሥር እምቡጥ አይፈጠርም፤ ነገር ግን አበባው ባለ ቀለም የአበባ ቅጠሎቹን ያጣል፣ ፍሬ የመያዝ አቅሙም ይዳከማል።

የእምቡጥ መፈጠርና ማደግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተፈጠረውን እምቡጥ አስተኝቶ የሚያቆየው «ብራንችድ 1» የተባለው ጂን ሲሆን፣ ከግንዱ ጫፍ የሚወርደው ኦክሲን የተባለ ሆርሞንም እንቅልፉን ያጸናዋል። ጫፉ ሲቆረጥ ይህ ጫና ስለሚላላ፣ የተኙት እምቡጦች ይነሣሉ፤ የተክሉን ጫፍ የቆረጠ ሰው በሳምንቱ ተመልሶ እያንዳንዱን የቅጠል ሥር መፈተሽ አለበት።