የዡራ ሻርዶኔን እንዴት መርጦ ማቅረብ ይቻላል?

ዡራ በፈረንሳይ ምሥራቅ፣ በቡርጎኝና በስዊዘርላንድ መካከል ያለ ተራራማ አካባቢ ነው። ብርዱም ዝናቡም አያንሰውም። ነጭ ወይን ጠጅ የሚጠመቅበት የወይን ፍሬ፣ ሻርዶኔው፣ ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጠጥ ያለ ጣዕሙን እንደያዘ ይለቀማል። ከእሱ የሚጠመቀው ወይን ዋጋው ቀላል አይደለም። ሆኖም ከፍተው አንድ ጊዜ ከቀመሱ በኋላ «ተበላሽቷል» ብለው የሚደፉት አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ወይኑ ምንም አልሆነም፤ የጠበቁትና የገዙት ነው የተለያየው።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት፣ ወይኑ በርሜል ውስጥ እንዴት እንደቆየ ይጠይቁ። በእንጨት በርሜል የተቀመጠ ወይን በትነት ጥቂት በጥቂት ይጎድላል። በአብዛኛው አገር ጠማቂው እየዞረ የጎደለውን ይሞላል፤ አየር እንዳያገኘው ነው። እንዲህ የተሞላውን ዡራዎች «ኡዬ» ይሉታል። የቆየው የአካባቢው ዘዴ ግን ሌላ ነው፤ ጎደሎውን እንዳለ ይተዉታል። ከወይኑ ፊት ላይ ስስ፣ ነጣ ያለ የእርሾ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ አየሩን ጨርሶ አያግደውም፣ ይመጥነዋል እንጂ። ይህኛው «ሱ ቯል» ይባላል። ጠርሙሱ ላይ «ትራዲሲዮን» የሚል ካዩ ብዙ ጊዜ ከዚህኛው ወገን ነው፤ ሳቫኛን ከተባለው የአገሩ ወይን ጋር የተቀላቀለም ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተጻፈበት ሻጩን ይጠይቁ። እሱም ካላወቀ ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።

ለጀማሪ ኡዬው ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የቦታውን ስም ያንብቡ። አርብዋ፣ ኮት ዱ ዡራ ወይም ሌትዋል የሚል ይፈልጉ። አርብዋ ሉዊ ፓስተር ያደገባት ከተማ ናት፤ በስሟ የሚሸጠው ወይን ሕጋዊ ጥበቃ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ዓመቱንም ይዩ። በ2021 የኤፕሪል ውርጭ እምቡጡን ስለመታው የዚያ ዓመት ምርት በጣም ትንሽ ነው።

ቤት ሲደርሱ ኡዬውን ሁለት ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። ከዚያ አውጥተው ሃያ ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይተዉት። ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መቅዳት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ብርዱ ሽታውን ያፍነዋል። ሱ ቯሉ ደግሞ 14 ዲግሪ አካባቢ ይስማማዋል። ቀደም ብለው ቢከፍቱትም ደስ ይለዋል።

ሆዱ ሰፋ ባለ ባለ እግር ብርጭቆ ሲሶውን ብቻ ይቅዱ። አዙረው ያሽትቱት። ኡዬው ሎሚ፣ ፖም፣ አንዳንዴም ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይላል። ከዋጡት በኋላ አፍዎ በምራቅ ከተሞላ የብርዱ አገር ሥራ ነው። የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ቀጠን ያለ ሊመስለው ይችላል።

ሱ ቯሉን ሲያሸቱ ግን እንዳይደነግጡ። ለውዝ ለውዝ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ እኛ በደንብ የምናውቀው አብሽ አለ። ይህ ምናብ አይደለም። ለአብሽ ሽታውን የሚሰጠው ሶቶሎን የተባለ ንጥረ ነገር በእርሾው ሽፋን ሥር በቆየ ወይን ውስጥም ይፈጠራል። ፈረንጆቹ ይህን ሽታ ለመግለጽ ብዙ ይቸገራሉ፤ አብሽ ያለበት ወጥ ቤት ላደገ ሰው ግን አዲስ አይደለም።

ምግቡ ላይ ዡራዎች ኮንቴ የተባለውን የተራራ አይባቸውን ያቀርባሉ፤ በክሬም የተሠራ ዶሮም ይወዳሉ። ከእኛ ማዕድ ዶሮ አልጫ ጥሩ ነው። ቀይ ወጡን ይተዉት፤ በርበሬውና አልኮሉ ተደጋግፈው ምላስ ያቃጥላሉ፣ የወይኑም ጣዕም ይጠፋል።

የተረፈውን ቡሹን መልሰው ፍሪጅ ያስገቡ። ኡዬውን በሁለት ሦስት ቀን ይጨርሱት። ሱ ቯሉ ከአየር ጋር ስለከረመ ሳምንት ቢቆይም ብዙ አይጎዳም።