ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ የእህል ሚዛኑ ከላፕቶፕ ጋር አልገናኝ ሲል

ደጀን ላይ ጤፍ የሚመዘንበት ዲጂታል ሚዛን ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘው ሲሪያልን (የቆየ የመረጃ ማስተላለፊያ መስመር) ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ኬብል ነው። ላፕቶፑ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ሲያድግ ሚዛኑ ራሱ 100.4 ኪሎ እያሳየ ፕሮግራሙ ላይ ምንም አይገባም። ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር) ሲከፈት፣ ፖርትስ ከሚለው ሥር ቢጫ ምልክትና ኮድ 10፣ ማለትም መሣሪያው መነሳት አልቻለም የሚል ስህተት፣ አለ።

ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ መሞከር፣ አጥፍቶ ማስነሳት፣ አዲስ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከኬብሉ ጋር እንዲሠራ የሚያደርገው ፕሮግራም) አውርዶ መጫን፣ ሁሉም አልሠራም። እንዲያውም ችግሩ አዲሱ ድራይቨር ነው፤ ኬብሉ ውስጥ ያለው ፒኤል 2303 ቺፕ የቆየው ዓይነት ከሆነ አይቀበለውም። ኬብሉ ደህና ነው፤ እባካችሁ እንዳትጥሉት።

የሠራው በ2008 እ.ኤ.አ. ወደወጣው ድራይቨር፣ ስሪት 3.3.2.102፣ መመለስ ነው። መጀመሪያ የድሮውን ድራይቨር ጫኑ። ቀጥሎ ቢጫ ምልክት ያለበትን በቀኝ ተጭናችሁ አፕዴት ድራይቨር፣ ከዚያ ብራውዝ ማይ ኮምፒዩተር፣ ከዚያ ሌት ሚ ፒክ በሉና ከዝርዝሩ ይህንኑ ስሪት ምረጡ። ኬብሉን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት፤ ቢጫው ይጠፋል።

አሁንም ክብደቱ ካልገባ የኮም ቁጥሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ለኬብሉ የሰጠው የፖርት ቁጥር፣ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ከኬብሉ ፕሮፐርቲስ ፖርት ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ገብታችሁ ፕሮግራሙ የሚጠብቀውን ቁጥር ስጡት። መረጃው የሚተላለፍበት ፍጥነትም (ባውድ ሬት) ከሚዛኑ ጋር አንድ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ 9600 ነው።

ዊንዶውስ አፕዴት አዲሱን ድራይቨር መልሶ ሊጭነው ስለሚችል ዲቫይስ ኢንስታሌሽን ሴቲንግስ ውስጥ ኖ የሚለውን ምረጡ። የድሮውን ድራይቨርም በፍላሽ አስቀምጡ።