ሂሳብ ለማትሪክ እንዴት ይጠናል

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪም ሆነ የማኅበራዊ ሳይንስ ከሂሳብ አያመልጥም፤ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሁለቱም ይፈተኑታል። የመማሪያ መጽሐፍ፣ እስክሪብቶ፣ ባዶ ወረቀትና አንድ ደብተር ይበቃል። ካልኩሌተር ፈተና ክፍል ስለማይገባ ስታጠኑም አትንኩት።

መጀመሪያ በመጽሐፉ ላይ የተሠራውን ምሳሌ አንብቡ፤ ከዚያ አሠራሩን በወረቀት ሸፍናችሁ ከጥያቄው ብቻ ተነሱ። እጃችሁ የቆመበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉ። ሎጋሪዝም ላይ የሚቆም ተማሪ ብዙ ጊዜ የጎደለው የ9ኛ ክፍል ኤክስፖነንት ነውና ወደዚያ መመለስ አያሳፍርም።

ነጥብ በብዛት የሚፈስሰው ግን የተገኘውን መልስ ባለማጣራት ነው። √(ሀ + 3) = ሀ − 3 የሚለውን እንውሰድ። ሁለቱም ጎን ስኩዌር ሲደረግ ሀ + 3 = ሀ² − 6ሀ + 9፣ ሲሰበሰብ ሀ² − 7ሀ + 6 = 0፣ ፋክተር ሲደረግ (ሀ − 1)(ሀ − 6) = 0 ይሆናል። ብዙው ተማሪ እዚህ ጋ ያቆምና «1 እና 6» የሚለውን ይመርጣል፤ ፈታኙም ያን ምርጫ አያስቀርም። 1ን መልሳችሁ አስገቡት፦ በግራ √4 ማለትም 2፣ በቀኝ −2። ስለዚህ 1 ይወድቃል። 6 ሲገባ ሁለቱም ጎን 3 ነው፤ መልሱ 6 ብቻ። 2ም −2ም ስኩዌር ሲደረጉ 4 ስለሚሆኑ፣ መጀመሪያ ያልነበረ መልስ በዚያ በር ይገባል። ሎጋሪዝም ላይም እንዲሁ ነው፤ ውስጡን ዜሮ ወይም ኔጌቲቭ የሚያደርግ መልስ ይጣላል። ማጣራቱ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የተሳሳታችሁትን በደብተሩ አስፍሩ፤ በግራ ገጽ ጥያቄውን፣ በቀኝ የተሳሳተውን መስመርና ምክንያቱን ብቻ። «አልቻልኩም» ብሎ መጻፍ አይረዳም፤ «በኔጌቲቭ ሳካፍል የኢንኢኳሊቲውን ምልክት አላዞርኩም» ይረዳል። ከሳምንት በኋላ ቀኙን ሸፍናችሁ እንደገና ሥሩት።

የቆዩ ፈተናዎችን በመጨረሻ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ሳትነሱ ሥሩ። በቴሌግራም የሚዞሩ የመልስ ዝርዝሮች ስህተት አያጣቸውም፤ ካልተስማማችሁ መምህር ጠይቁ እንጂ ትክክለኛ ሥራችሁን አትሰርዙ። ሦስት ደቂቃ ታግላችሁ ያልተፈታውን ዝለሉት፤ መልስ ወረቀቱ ላይም የዚያን ቁጥር ረድፍ ባዶ መተዋችሁን እዩ፣ አለዚያ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ቁጥር ይንሸራተታል።