ፖሊስ ፎረንሲክ ላብራቶሪ መግባት ለምትፈልጉ የጎንደር ልጆች፦ ከወዲሁ የምትርቋቸው ስህተቶች

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ ወይም ሜዲካል ላብራቶሪ የምትማሩ ልጆች ስለ ፎረንሲክ፣ ማለትም የወንጀል ማስረጃን በሳይንስ ስለመመርመር ሥራ ስትጠይቁ ደስ ይለኛል። ሥራው ጥሩ ጭንቅላትና ንጹሕ ሕሊና ያላቸው ሰዎች ያስፈልጉታል። ግን ብዙዎቻችሁ ገና ከበሩ ሊያሰናክላችሁ የሚችል ሐሳብ ይዛችሁ ነው የምትመጡት። እስቲ አንድ በአንድ ላንሳው።

የፊልም ሥራ መጠበቅ

ይህን ቶሎ ልለፈው። የላብራቶሪ ባለሙያ ተጠርጣሪ አያሳድድም፣ ካቴና አያስርም። ቀኑ የሚያልቀው ናሙና ሲመዘግብ፣ መሣሪያ ሲያስተካክል፣ ሪፖርት ሲጽፍ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ሥራውን እንደገና ይጀምራል። ወረቀት የሚሰለቸው ሰው ሌላ ሥራ ቢያይ ይሻለዋል።

«ወንጀለኛውን ላስይዝ» ብሎ መነሣት

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቱም ከጥሩ ልብ የሚመጣ ስህተት ነው።

አንድ ሰፈር ውስጥ ሰው ተገደለ እንበል። ሰፈሩ ተቆጥቷል፣ ቤተሰብ እያለቀሰ ነው። መርማሪው ኤግዚቢቱን (የማስረጃውን ዕቃ) ሲያስረክብ «ልጁ አምኗል፣ እናንተ አሻራውን ብቻ አረጋግጡልን» ይላል። ይህን የሰማ ዓይን ከዚያ በኋላ የሚያየው የሚጠብቀውን ነው። ባለሙያው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሰው አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ማድሪድ ላይ ባቡሮች በፈንጂ ሲመቱ፣ ከአንድ ፌስታል ላይ የጣት አሻራ ተገኘ። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ አሻራው የብራንደን ሜይፊልድ ነው አለ። ሜይፊልድ በኦሪገን ግዛት የሚኖር ጠበቃ ነው። አንዱ ባለሙያ ከሌላው እየተቀበለ አጸደቀ። ፍርድ ቤት የመደበው ገለልተኛ ባለሙያ ሳይቀር ተስማማ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ። በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አሳየ፤ ኤፍቢአይም ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ ተመራማሪው ኢቲየል ድሮር ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ ሠራ። ለ5 የአሻራ ባለሙያዎች ከዓመታት በፊት ራሳቸው «አንድ ናቸው» ያሏቸውን አሻራዎች መልሶ ሰጣቸው። ግን የተነገራቸው «እነዚህ ኤፍቢአይ በማድሪዱ ጉዳይ የተሳሳተባቸው አሻራዎች ናቸው» ተብሎ ነው። 4ቱ የቀድሞ መልሳቸውን ለወጡ። አሻራው ያው ነበር። የተለወጠው ወሬው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከወንጀሉ ስፍራ የመጣውን አሻራ ለብቻው እዩ። ያያችሁትን ምልክት ጻፉ። የተጠርጣሪውን አሻራ የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው አረጋጋጭ የእናንተን መልስ ሳያውቅ ይመርምር። መርማሪው ስለ ተጠርጣሪው ሊያወራችሁ ሲጀምር ደግሞ በትሕትና «ይቆየን» በሉት።

ጥቆማን እንደ ማረጋገጫ መቁጠር

ለደም የሚደረገውን የፌኖልፍታሊን ምርመራ እንውሰድ። ጠብታ ታደርጋላችሁ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ትጨምራላችሁ፣ ወዲያው ሮዝ ይሆናል። አዲስ ሰው በደስታ «ደም ነው!» ይላል። ቆይ። የድንች ጭማቂም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ያሳስታል። ዘግይቶ የሚመጣ ሮዝ ደግሞ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል፤ አየሩ ብቻውን ያመጣዋል። ደም ቢሆንስ የማን? በፋሲካ ማግስት የጎንደር ቤት ቢላ ሁሉ የዶሮ ወይም የበግ ደም ነክቶታል። ይህ ምርመራ የሰውን ከእንስሳው አይለይም። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «ደም ሊሆን እንደሚችል ያመላክታል» ነው። «የሰው ደም» ለማለት ሌላ ምርመራ፣ «የእገሌ ደም» ለማለት ዲኤንኤ ያስፈልጋል።

የባሩድ ቅሪትም ያው ነው። እጅ ላይ የሚፈለጉት እርሳስ፣ ባሪየምና አንቲሞኒ በአንድ ላይ የያዙ ጥቃቅን ብናኞች ናቸው። በእኛ አካባቢ ግን በሠርግም በለቅሶም ይተኮሳል። የተኮሰውን ሰው እጅ የጨበጠ ሁሉ ብናኙን ሊወስድ ይችላል። በተቃራኒው ገዳይ እጁን ከታጠበ፣ ወይም ጥቂት ሰዓታት ካለፉ፣ ምንም ላይገኝ ይችላል። ብናኝ ተገኘ ማለት ገደለ ማለት አይደለም። አልተገኘም ማለትም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ አንባቢው የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል።

እርጥብ ልብስ በፌስታል ማሸግ

ይህ ከላብራቶሪው በፊት የሚሠራ ስህተት ነው፤ መዘዙ ግን ለእናንተ ነው የሚተርፈው። በክረምት ደም የነካው ጋቢ በፌስታል ታስሮ ሲመጣ ሻጋታና ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ይበሉታል። ልብሱ በጥላ፣ ከሌላ ልብስ ተለይቶ ይድረቅ። ከዚያ በወረቀት ወይም በካኪ ፖስታ ይታሸግ። ኤግዚቢቱ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በዚያ ርቀት ትንሿ ስህተት ትሰፋለች።

ለአልኮል ምርመራ የተወሰደ ደም ያለ ሶዲየም ፍሎራይድ (ደሙ እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) እና ያለ ቅዝቃዜ ከቆየ፣ ረቂቅ ተሕዋስያን ራሳቸው አልኮል ሊሠሩበት ይችላሉ። ያልጠጣ ሟች ሰክሮ ነበር ሊባል ነው። በገጠር ሰው የሚሞትበት የእህል ነቀዝ ኪኒንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኪኒኑ አልሙኒየም ፎስፋይድ ከሆነ ጨጓራ ውስጥ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ናሙናው የገባበት ዕቃ በደንብ ካልተከደነ መርዙ በኖ ይጠፋል፣ ለሚከፍተው ሰውም አደገኛ ነው።

በየእጁ ሲተላለፍም ማን ለማን፣ መቼ እንዳስረከበ በፊርማ ይመዝገብ። አንድ ፊርማ ከጎደለች ተከላካይ ጠበቃው የሚይዘው እሷኑ ነው። እውነትም አለው።

«ጓንት አድርጌያለሁ» ብሎ መዘናጋት

ጀርመን፣ ኦስትሪያና ፈረንሳይ ውስጥ ፖሊሶች የአንዲት ሴት ዲኤንኤ በ40 የሚሆኑ የወንጀል ስፍራዎች አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2007 በጀርመኗ ሃይልብሮን ከተማ በተገደለችው ፖሊስ ጉዳይም ያው ዲኤንኤ መጣ። ሴትዮዋ ለዓመታት ተፈለገች። በ2009 ሲደረስበት ዲኤንኤው ናሙና መውሰጃውን ጥጥ የምታሽግ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጥጡ ከጀርም ነጻ ነበር፣ ከዲኤንኤ ግን ነጻ አልነበረም። ባዶውን ጥጥ አብሮ መመርመር ለዚህ ነው። የሠራተኞቹ ዲኤንኤም በላብራቶሪው ይመዝገብ።

«በኋላ እጽፈዋለሁ»

በኋላ የተጻፈ ነገር ትዝታ ነው። እየሠራችሁ ጻፉ። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዙ፣ ቀን አስገቡ፣ ፈርሙ። ፍሉድ አትቀቡ። በማሳቹሴትስ አንዲት የአደንዛዥ ዕፅ ኬሚስት ናሙናዎችን ሳትመረምር ውጤት ትጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ተጋለጠች። በ2017 ከ21 ሺህ በላይ ክሶች ተሰረዙ። ስንቱ ንጹሕ ሰው እንደታሰረ፣ ስንቱ ጥፋተኛ እንደተለቀቀ አስቡት።

ፍርድ ቤት ሲጠሩ ከሚያውቁት በላይ መናገር

ዐቃቤ ሕግ የጠራችሁ ምስክር ብትሆኑም የእሱ ወገን አይደላችሁም። አንድ ሱቅ በሌሊት ተሰረቀ እንበል። ዳኛው «ተከሳሹ የሱቁን መስታወት የነካው በዚያች ሌሊት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ተከሳሹ የዚያው ሱቅ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። አሻራ ማን እንደነካ እንጂ መቼ እንደነካ አስተማማኝ መልስ አይሰጥም። ትክክለኛው መልስ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህን ምርመራው አያሳይም» ነው። ዐቃቤ ሕጉ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል። ያጥቁር።

የአሟሟት ምክንያት ከተጠየቃችሁም የሐኪም ሥራ መሆኑን ተናገሩ። ኬሚስቱ ደሙ ውስጥ ምን እንዳገኘ፣ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። እዚያ ላይ ያቆማል።

ገና ተማሪ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በር የሚከፍተው «ፎረንሲክ» የሚል ዲግሪ ብቻ ይመስላችኋል፤ አይደለም። አናሊቲካል ኬሚስትሪ፣ ጄኔቲክስና ስታቲስቲክስ በደንብ የያዘ ልጅ ሥራውን ይለምደዋል። በተለይ ስታቲስቲክስን አትሽሹ። የዲኤንኤ ውጤት መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው፤ ተከላካይ ጠበቃም የሚጠይቃችሁ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ነው።