ዲናሞው ተቃጠለ ከማለትህ በፊት

መስከረም ላይ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱ ክረምቱን ዘግቶት ከርሞ ገና መክፈቱ ነው። ከአሮጌ ጭነት መኪና የወጣች 12 ቮልት ዲሲ ዲናሞ ከናፍጣ ሞተሩ ጋር በቺንጋ አያይዞ ባትሪ ይሞላባታል፣ ማታ ማታም አምፖል ያበራል። "ተቃጥላለች፣ ወስደህ አስጠምጥምልኝ" አለኝ። አልተቃጠለችም።

ይዞራል፣ ግን ምንም አያወጣም

ይሄ በብዛት የሚያጋጥም ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። እንዲህ ያለው ዲናሞ ሥራ የሚጀምረው ብረቱ ውስጥ ተርፎ በቆየ ትንሽ ማግኔት ነው። እርሾ በለው። አርማቸሩ (መሃል ያለው የሚዞረው ክፍል) ሲዞር ያቺ እርሾ ጥቂት ቮልት ታስነሳለች፣ ቮልቱ በፊልዱ ጥምጥም (ማግኔቱን በሚያጠነክረው የማይዞር ሽቦ) ከረንት ይሰዳል፣ ማግኔቱ ይጠነክራል፣ ቮልቱ ደግሞ ይጨምራል፣ እንዲህ እየተደጋገፉ ሙሉው ላይ ይደርሳሉ። እርሾው ከጠፋ ቀኑን ሙሉ ብታዞረው አይቦካም። ረጅም ጊዜ ሳይሠራ መቀመጥ ያጠፋዋል። ቺንጋውን አጣምሮ በተቃራኒ ማዞርም እንዲሁ።

ጭነቱን ሁሉ ንቀል፣ ሞተሩን በተለመደው ፍጥነት አስነሳ፣ ቴስተርህን የዲናሞው መውጫ ጫፎች ላይ አድርግ። አንድ ሁለት ቮልት አሳይቶ ከቆመ እርሾው አለ ማለት ነው፣ ችግሩ የፊልድ ሽቦው ተበጥሷል ወይ ጫፎቹ ተገልብጠዋል። ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ ካርቦኖቹን (ከረንቱን ከሚዞረው ክፍል የሚቀበሉትን) ተመልከት፣ አልቀው ወይም ማቀፊያቸው ውስጥ ተጣብቀው ኮሚዩቴተሩን (አርማቸሩ ጫፍ ላይ ያለውን የመዳብ ቀለበት) ሳይነኩ ቀርተው ይሆናል። ደህና ከሆኑ ሞተሩን አጥፋ፣ የፊልዱን ሽቦ ከሌላው ነጥለህ ለጥቂት ሰከንድ ባትሪ አስነካው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አደራ! ከገለበጥከው ዲናሞው ተገልብጦ ያመነጭና ባትሪውን ይጎዳል። ሽቦውን ስታነሳ ብልጭ ይላል፣ ባዶውን ጫፍ በእጅህ አትያዝ።

ካርቦኑ ሥር እሳት ይረጫል

ኮሚዩቴተሩ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ተወው፣ ጤነኛ ነው። እንዲያብለጨልጭ ብሎ የሚፍቀው ሰው ያናድደኛል። ከጠቆረ ግን (ወፍጮ ቤት ዱቄቱ ከቅባት ጋር እየተለነቀጠ ማጥቆሩ አይቀርም) በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጥረገው። የብረት መፈግፈጊያውን ጥቁሩን ወረቀት አትጠቀም፣ ብናኙ በመዳቦቹ መሃል ገብቶ ሾርት ያደርጋል። በመዳቦቹ መሃል ያለው ሚካ (ከረንት የማያሳልፈው መለያ) ከመዳቡ ከፍ ብሎ ካገኘኸው ካርቦኑን እያዘለለው ነውና ዝቅ አድርገህ ፋቀው። አዲስ ካርቦን ስትገጥም ብርጭቆ ወረቀቱን ኮሚዩቴተሩ ላይ ሸካራውን ወደ ውጭ ጠቅልለህ ካርቦኑን እላዩ ላይ አሸው፣ ክብ ቅርፁን እስኪይዝ።

አንድ ቦታ ብቻ ተቃጥሎ ከጠቆረ ግን አትድከም። አንድ ጥምጥም ተበጥሷል። ያኔ ነው ባሕር ዳር ጠምጣሚ ጋ የሚወሰደው።

ባዶውን ደህና ነው፣ ጭነት ሲያዝ ይወድቃል

ቺንጋው ላልቶ እየሸሸ ነው። ፍጥነት ከቀነሰ ቮልት ይቀንሳል። አጥብቀው።

ሞተሩ ጠፍቶ ዲናሞው ይሞቃል

ዲሲ ዲናሞ ከባትሪ ከረንት ካገኘ ራሱ ሞተር ሆኖ ሊዞር ይሞክራል፣ ቺንጋው ይዞት ስለማይችል ይግላል። ጥፋቱ የካታውቱ ነው (ሞተሩ ሲቆም ዲናሞውን ከባትሪው የሚለያየው ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ነጥቦቹ ተጣብቀው ሳይላቀቁ ቀርተዋል። ቶሎ ባትሪውን ንቀል፣ ከዚያ ነጥቦቹን አጽዳ።

የወፍጮ ቤቷን ዲናሞ ባትሪ ሦስት ጊዜ አስነካኋት። ሞተሩ ሲነሳ የቴስተሩ መርፌ መጀመሪያ ፈራ ተባ አለች፣ ከዚያ ሽቅብ ሄደች። ባለቤቱ አምፖሉን ቀና ብሎ አየና "እና ለዚህች ብልጭታ ነው የምከፍልህ?" አለኝ።